ውዳሴ ለ«አለሁበት»

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች ለዓለም ልናስተምረው የሚገባ አንድ ጥበብ አለን፤ እርሱም ከሶፋ ሳይነሡ በቡድን የመጓዝ ጥበብ ነው። ሌላው ሕዝብ ጉዞ ሲያምረው ትኬት ይቆርጣል፣ ሻንጣውን ይሸክፋል፣ ገንዘቡን ጨርሶም ይመለሳል። እኛ ግን የቫይበር ግሩፕ እንከፍታለን።

የእኛው ግሩፕ ሲከፈት ስሙ «ኒው ኦርሊንስ 2024» ነበር። አንድ ወዳጃችን ስለዚህች የአሜሪካ ከተማ ሙዚቃና ምግብ ጥቂት መስመር በጻፈ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አሥራ ስምንት ሰው «አለሁበት!» አለ። ገና ቀኑ ሳይቆረጥም ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመረጡ። ገንዘብ ያዡ እኔ ነኝ፤ በዕድሜዬ ይህን ያህል የቀለለ ሥራ ይዤ አላውቅም።

ቀኑን ለመቁረጥ የተደረገው ጥንቃቄ ሊወደስ ይገባዋል። የከተማዋ ታላቅ የጃዝ ፌስቲቫል የሚደረገው በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያ ነው። በ2024 የመጀመሪያው ሳምንት በሆሣዕና ዕለት ሲፈጸም፣ ሁለተኛው በጸሎተ ሐሙስ ተጀምሮ በፋሲካ ዕለት አበቃ። በስቅለት ቀን ትሮምቦን ሲነፋ ቆሞ ማዳመጥ እንደማይገባ በአንድ ድምፅ ተወስኖ ጉዞው ለከርሞ ተላለፈ። በ2025 ግን ፋሲካ ኤፕሪል 20 ዋለ፤ ፌስቲቫሉ የተከፈተው በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወቅት ስለነበር፣ ምክንያት አለቀብን ብዬ ከልቤ ደነገጥሁ። ለካስ አባሎቻችንን ንቄአቸው ኖሯል፤ «የበዓል ወጪ ሳያገግም የምን ጉዞ ነው?» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሁሉም አውራ ጣቱን ቀሰረ። ጁላይ ለኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር የተያዘ ነው። ኦገስት አውሎ ነፋስ አለበት፤ ካትሪና በ2005 የመታችው በዚያው ወር እንደነበር ጸሐፊው አስታወሱ። ሴፕቴምበር ዕንቁጣጣሽና መስቀል ነው። ዓመቱ እንዲህ ሆኖ አለቀ።

ምግብን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴም ተቋቁሞ ነበር። ወደዚህች በምግቧ ወደ ታወቀች ከተማ ለመሄድ የቀረበው የመጀመሪያው ጥያቄ «እዚያ እንጀራ ይገኛል?» የሚል ነበር፤ የሐበሻ ምግብ ቤት መኖሩ ሲረጋገጥ ሁሉም እፎይ አለ። ቀጥሎ ጋምቦ ስለሚባለው፣ ስሙን ከአፍሪካ የባሚያ መጠሪያ ስላገኘው ወጥ ውይይት ተከፈተ። ሽሪምፕ ይገባበታል ሲባል ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ሙግት ተነሣ፤ ሙግቱ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶ፣ ሽሪምፕ ራሱ ዓሣ ነው ወይስ የባሕር አንበጣ በሚለው ላይ ሲደርስ ለአባቶች እንዲመራ ተወሰነ። የከተማዋ ዝነኛ ቤኜ ጉዳይ ግን ጊዜ አልወሰደም። ስኳር ዱቄት የተነሰነሰበት ፎቶው እንደ ተላከ አንዲት እኅታችን «ይሄማ ቦምቦሊኖ ነው» ብላ አሰናበተችው። ቡናቸውን ቺኮሪ ከሚባል የተቆላ ሥር ጋር ቀላቅለው እንደሚጠጡ ሲሰማ ደግሞ ጀበና ይዞ መሄድ ግዴታ ሆነ። ጀበናውን ማን በእጁ ይዞ አውሮፕላን ይሳፈራል የሚለው አሁንም በአጀንዳ ላይ ይገኛል።

ስለ ሙዚቃው እኔ ራሴ ጥናት አቅርቤ ነበር። በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን በየእሑዱ እየተሰበሰቡ ከበሮ ስለመቱበት ስለ ኮንጎ አደባባይና በ1901 በዚያች ከተማ ስለተወለደው ስለ ጃዝ መለከተኛው ሉዊ አርምስትሮንግ ጻፍሁ፤ ከ1961 ጀምሮ ጃዝ ስለሚሰማበት ስለ ፕሪዘርቬሽን ሆል፣ አዳማጩም በአግዳሚ ወንበርና በወለል ላይ ተጠጋግቶ እንደሚቀመጥ ጨመርሁበት። አንድ ሰው ብቻ መለሰልኝ፤ «ቴብል ማስያዝ ይቻላል?» የሚል ነበር። መጠጥ እንደማይሸጥ ስነግረው የሐዘን ምልክት ላከ።

የገንዘብ ነገር ላይ ስንደርስ የባህላችን ውበት ፍንትው ብሎ ይታያል። የብረት ዳንቴል የመሰለ በረንዳ ያለው ቤት አግኝቼ፣ ለማስያዣ በነፍስ ወከፍ ሁለት መቶ ዶላር በዜል፣ በስልክ ገንዘብ በሚላክበት መንገድ፣ እንዲላክ ጠየቅሁ። በምላሹ አሥራ ስድስት ቀይ ልብ፣ ሁለት «ተባረክ» እና አንድ ክፍያ ደረሰኝ። አንዱ ወንድማችን «እስከ ዓርብ» ብሎ ጽፏል፤ የትኛው ዓርብ እንደሆነ ስላልገለጸ ቃሉን አጥፏል ብሎ የሚከሰው የለም። ቤቱን በማግሥቱ ሌሎች ወሰዱት።

ባለፈው ወር ግን ግሩፑን ያናጋ ድርጊት ተፈጸመ። ከአባሎቻችን አንዱ፣ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝና ድምፅ ሳይሰጥ፣ ከባለቤቱ ጋር ዓርብ ማታ ተሳፍሮ፣ ሦስት ሰዓት እንኳ የማይሞላውን በረራ በርሮ ኒው ኦርሊንስ ገባ። ከዚያም በጥቁር ጃኬቱ ላይ ስኳር ዱቄት እንደ ተነሰነሰ፣ ከኋላው መለከት የሚነፋ ሽማግሌ እየታየ የተነሣውን ፎቶ ያለ አንዳች ኀፍረት ላከልን። «ሳትነግረን?!» የሚለው መልእክት አርባ ጊዜ ተጻፈ። ሊቀመንበሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርተው ድርጊቱን ካወገዙ በኋላ፣ የግሩፑ ስም «ኒው ኦርሊንስ 2027» እንዲባል ሐሳብ አቀረቡ፤ አሥራ ሰባት ሰው «አለሁበት!» አለ። እኔም የሒሳብ ሪፖርት እንዳሰማ ተጠይቄ፣ ተቀማጫችን ሁለት መቶ ዶላር መሆኑን ገለጽሁ፤ ጭብጨባም ተደረገልኝ። ሁለቱ መቶ የራሴ መሆኑን ግን አልጠቀስሁም።