ማስተካከያ፦ ስለ ኤም ጂ ቢ የፍሪሲዮን ዘንግ

የኤም ጂ ቢ ስፖርት መኪና በዘይት ግፊት የሚሠራው (ሃይድሮሊክ) ፍሪሲዮን ሙሉ በሙሉ አልላቅቅ ብሎ ማርሽ ሲያንጫጫ፣ የታችኛውን ፓምፕ (በማርሽ ሳጥኑ በኩል ያለውንና ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውን) መግፊያ ዘንግ ረዘም ባለ መቀየር መፍትሔ ነው ብዬ ቀደም ሲል ጽፌ ነበር። ይህ ስሕተት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር የተመረተው ይህ መኪና፣ ከፋብሪካው የጥገና መመሪያ እንደሚታየው፣ በታችኛው ፓምፕ ላይ የሚስተካከል ነገር የለውም። ዘንጉ ቢረዝም ፒስተኑ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ይቀመጣል እንጂ የሚሄድበት ርቀት አይጨምርም፤ ርቀቱን የሚወስነው ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው ላይኛው ፓምፕ የሚገፋው የዘይት መጠን ነው።

ስለዚህ በቅድሚያ መታየት ያለበት፣ ፔዳሉን ከላይኛው ፓምፕ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ፒን ነው። ተነቅሎ በጣት ሲዳሰስ መሃሉ ተበልቶ እንደ ወገብ ከቀጠነ፣ የፔዳሉም ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ፣ የእርግጫው መጀመሪያ ዘይቱን ሳይገፋ ይባክናል። ርካሽ ዕቃ በመሆኑ ይመስለኛል ብዙዎች የሚዘነጉት። ፒኑ ደኅና ሆኖ ሌላ ሰው ፔዳሉን እስከ ታች ሲረግጥ የታችኛው ዘንግ ግማሽ ኢንች ገደማ ካልተንቀሳቀሰ ግን፣ በመስመሩ ውስጥ የቀረ አየር፣ ያረጀ ጎማ ቱቦ ወይም ዘይት የሚያሳልፍ የፓምፕ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ይጠረጠራል።

በቀድሞው ምክሬ ረዥም ዘንግ የገጠማችሁ ወደ መጀመሪያው መልሱት። የፍሪሲዮኑ ዲስክ እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ የፓምፑን መጨረሻ ስለሚነካ፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን ተጭኖ የሚያላቅቀው የካርቦን ተሸካሚም ያለ ዕረፍት እየተፋተገ ያልቃል።