ልማድ በ21 ቀን ብቻ አይጸናም

ስለ ልማድ ግንባታ ያነበብኩት ጽሑፍ ጠቃሚ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው «ማንኛውም ልማድ በ21 ቀን ይጸናል» የሚለው ሐሳብ መታረም አለበት ብዬ አምናለሁ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ድርጊት ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን የወሰደ ሲሆን፣ እንደ ሰውየውና እንደ ድርጊቱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር፤ አንድ ቀን መዝለልም ሂደቱን አላበላሸውም። ይህን ያላወቀ ሰው በ22ኛው ቀን ሲከብደው ራሱን እንደ ሰነፍ መቁጠሩ ያሳዝነኛል።

አዲሱን ልማድ ከነባሩ ጋር ማያያዝ በእጅጉ ይረዳል። እዚህ ደሴ ከሱብሂ (የንጋት) ሶላት መልስ በቀጥታ ወደ ቤት ከመግባት ይልቅ በጦሳ ተራራ ግርጌ ዳገቱን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው የሚራመዱ አባቶች አሉ፤ ሰዓቱን ሶላቱ ስለሚጠብቅላቸው ብርዱ አያስቀራቸውም። በሳምንት አምስት ቀን እንዲህ ቢደረግ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ቢያንስ ብሎ የሚመክረው 150 ደቂቃ ይሞላል።