ዞሮ ዞሮ

እሑድ ማታ ሐይቅ ወዳሉት አጎቴ ደወልኩ። የት እንደዋልኩ ጠየቁኝ። «ሐይቅ ስዞር» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «መጥተሃል እንዴ? ደግሞ ሳትነግረን!» ብለው ተቆጡ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ከተማ ላደገ ሰው ሐይቅ አንድ ነው፤ ከተማውም ውኃውም በዚሁ ስም ይጠራል። እኔ የዋልኩት ግን ጀርመን አገር፣ ኮብሌንዝ አጠገብ፣ ላኸር ዜ በሚባል ውኃ ዳር ነበር። ላኽ የሚለው ስም ከላቲኑ «ላኩስ» የመጣ ነው፤ ሐይቅ ማለት ነው። «ዜ»ም በጀርመንኛ ሐይቅ ነው። እነሱም እንደኛው «ሐይቅ ሐይቅ» እያሉ ይጠሩታል ማለት ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን ብቻዬን ስቄአለሁ።

ዝምድናው በስም አያበቃም። ሁለቱም ውኃዎች በተፈጥሮ መውጫ የላቸውም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ሁለቱም ዳር ገዳም አለ። የላኹን የቤኔዲክታውያን ገዳም አንድ መስፍንና ባለቤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1093 መሠረቱት። የእኛው ሐይቅ እስጢፋኖስ ከዚያም የቀደመ መሆኑን አባቶች ይናገራሉ፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ መጥተው የሊቃውንት መፍለቂያ ያደረጉት ደግሞ በ13ኛው መቶ ዘመን ነው። የላኽ መነኮሳት ውኃው እየሞላ ሲያስቸግራቸው በ12ኛው መቶ ዘመን ከተራራው ሥር ዋሻ ቆፍረው መውጫ አበጁለት። 700 ዓመት ገደማ ቆይቶ ሌላ ዋሻ ተቆፈረና ውኃው እንደገና ዝቅ አለ።

በዚህ ሐይቅ ዙሪያ የእግር መንገድ አለ። ርዝመቱ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የማይቸኩል ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። መንገዱ ቀላል ነገር ነው፤ የተደለደለ አፈር፣ አልፎ አልፎ አግዳሚ ወንበር፣ ዛፍ ላይ የተቀባ ምልክት። ለመኪና ማቆሚያ ይከፈላል፤ ለመራመድ የሚጠይቅህ የለም። በምሥራቁ ዳርቻ ስትደርስ ውኃው እሳት ላይ እንደተጣደ ሽሮ ሲንተከተክ ታያለህ። ጣትህን ብትነክር ግን በረዶ ነው። ከሥር ያለው እሳተ ገሞራ የሚተነፍሰው ጋዝ ነው እንጂ ሙቀት አይደለም። የዛሬ 13 ሺህ ዓመት ገደማ ፈንድቶ አመዱን እስከ ስዊድንና እስከ ጣሊያን የበተነው ይኸው ዛሬ እንደ ሕፃን አረፋ የሚነፋው ጉድጓድ ነው።

የሚገርመኝ ሌላም ነገር አለ። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ የሚኖረው ጎረቤቴ ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ግድግዳ እንዳየ ሰው ያልፋል። ያው ዓይነት ሰው፣ ምናልባትም ራሱ፣ የሐይቁ መንገድ ላይ ከሩቅ ፈገግ ብሎ «ሞርገን» ይላል። ሁሉም ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ግን ወሬ የለም። የእኛ አገር ሰላምታ የማን ልጅ እንደሆንክ ሳያጣራ አይለቅህም፤ የእነሱ በአንድ ቃል ያልቃል። የትኛው እንደሚሻል እስካሁን አልወሰንኩም።

ምልክቱን የሚቀባውስ ማን ነው? መንግሥት ይመስለኝ ነበር። የአካባቢው ተራሮች ተጓዦች በ1888 የመሠረቱት የአይፈል ማኅበር አለ፤ የዚያ አባላት የሆኑ ፈቃደኞች ናቸው በየዓመቱ ቀለምና ብሩሽ ይዘው የሚዞሩት። ደቦ ነው እንግዲህ፤ ድግስ የሌለው ደቦ።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ አስረዳኋቸው።

«እሺ፣ ዞረህ ዞረህ የት ደረስክ?»

«ወደተነሳሁበት።»

«ታዲያ ለምን ሄድክ?»

መልስ አጣሁ። እኛ ዘንድ «ዟሪ» ስድብ ነው፤ ሴት ልጅ ከተባለችማ የከፋ። ሰው የሚሄደው ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለውኃ ነው። ያለ ጉዳይ የሚዞረው ታቦት ብቻ ነው ብል ደግሞ ካህናቱ ይቆጡኛል፤ እሱም ጉዳይ አለው። ሀቁ ግን ያሳፍራል፤ ላኽን ከአሥር ጊዜ በላይ ዞሬአለሁ፣ ተወልጄ ያደግሁበትን ሐይቅ አንድም ቀን አልዞርኩም። የእኛው በስፋት ብዙ እጥፍ ነው፣ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፤ ይህ ሰበብ ይሆነኛል። ደግሞም ዳርቻው ሥራ ላይ ነው። ማሳው እስከ ውኃው ይወርዳል፣ ከብት ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ዓሣ ይጠመዳል። መንገዱ አለ፤ ምልክቱን ያበጀው ቀለም ሳይሆን እግር ነው።

ልቤን የሚያደማኝ ይህ አይደለም። ባለፈው ለዕረፍት ስገባ ባቦጋያን ልዙር ብዬ ቢሾፍቱ ወረድኩ። ባቦጋያም ከእሳተ ገሞራ የተወለደ ሐይቅ ነው፣ ለላኽ ዘመዱ። ሩብ ሰዓት ሳልሄድ አጥር ገጠመኝ። ተመልሼ በሌላ ወገን ሞከርኩ፤ የብረት በር። ጥበቃው በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ተስተናጋጅ ነዎት?» አለኝ። ለመራመድ ብቻ እንደመጣሁ ነገርኩት። «ለመራመድ ከሆነማ አስፋልቱ አለልዎ» ብሎ በእጁ አመለከተኝ። አልቀለደም። ቡና አዝዤ ገባሁና ሐይቁን በቡናው ዋጋ አየሁት። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው በሚባልበት አገር የሕዝቡ ውኃ ከአጥር ጀርባ ሆነ፤ መሬት በግል በሚሸጥበት አገር ደግሞ እኔ ስደተኛው እንደልቤ እዞራለሁ። ጀርመኖቹንም ከልክ በላይ አላወድስም። በርሊን ጥግ፣ ፖትስዳም ውስጥ፣ ግሪብኒትስ በሚባለው ሐይቅ ዳር በግንቡ ዘመን የድንበር ጠባቂዎች ይመላለሱበት የነበረ መንገድ ነበር፤ ግንቡ ሲፈርስ የተጓዥ ሆነ፤ በ2009 ግን ባለ ቤቶቹ በግቢያችን ነው የሚያልፈው ብለው ዘጉት። አጥር አጥር የሚሸተው ሰው በሁሉም አገር አለ።

እሑድ ከላኹ የእግር ጉዞ በኋላ ወደ ሜንዲግ ጎራ አልኩ። በወጉ ከተማ ናት፤ አሮጌው ሠፈሯ ግን ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ መንደር ነው። ድንጋዩ የወጣው ከቤቶቹ ሥር ነው። 30 ሜትር ያህል ወደታች ስትወርድ ሰፊ የጨለማ አዳራሽ ይቀበልሃል፤ ለወፍጮ ድንጋይ ሲፈለፈል የኖረ። በኋላ ቅዝቃዜው ለቢራ ተስማማና በ19ኛው መቶ ዘመን ሃያ ስምንት ጠማቂዎች በላዩ ሰፈሩ፤ የማቀዝቀዣ ማሽን ሲመጣ ደግሞ አብዛኞቹ ጓዛቸውን ጠቀለሉ። እኔን የያዘኝ ቢራው አልነበረም። ግድግዳው ላይ የመሮው ጭረት እንዳለ ነው፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ሹሩባ። አያቴ ወፍጮዋ ሲለሰልስ ቁጭ ብላ ትወቅረው ነበር፤ የድንጋዩ ብናኝ ቅንድቧ ላይ ይቀር ነበር። እጄን ጭረቱ ላይ አሳርፌ ቆየሁ። አስጎብኚዋ መንካት ክልክል ነው አለችኝ።

ይህንንም ለአጎቴ ነገርኳቸው። የወፍጮው ነገር ደስ አላቸው፤ የእግር መንገዱ ግን አልዋጥ እንዳላቸው ነው። «ሰላም ይሁን እንጂ፣ እኛም እንዞራለን» አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

«አያትህ እኮ አንድ ጊዜ ዙሪያዋን ዞሯታል። ሙሉ ቀን፣ ሌሊቱን ጨምሮ።»

«ለምን?»

«በሬ ጠፍቶበት።»

«በሬው ተገኘ?»

«ተገኘ እንጂ። ሲመለስ ከቤቱ ጓሮ ሲግጥ አገኘው።»