ፈረስ አጎቴ ነው

ዛሬ ጠዋት መኪናዬ ውስጥ የገባሁት በተሳፋሪው በር ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላኝ፣ ሸሚዜን ያስተኮስኩ፣ ከረባት ያሰርኩ ሰው ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ በግንቡና በመኪናዋ መካከል ሾልኬ፣ የቀኙን በር የሚከፈተውን ያህል ከፍቼ፣ መጀመሪያ ጭንቅላቴን ቀጥሎ አንድ እግሬን አስገብቼ፣ ማርሹንና የእጅ ፍሬኑን ተሻግሬ መሪው ዘንድ ደረስኩ። የሱሪዬ ኪስ የእጅ ፍሬኑ ላይ ተጠልፎ ትንሽ ተተርትሯል። የግቢያችን ጥበቃ ሁሉንም ቆሞ አይቷል። ሁልጊዜ "እንደምን አደሩ ጋሼ" የሚለኝ ሰው ዛሬ ዝም አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ምን እንደሚባል አላወቀም መሰለኝ።

ነገሩ ጎረቤቴ አዲስ መኪና መግዛቱ ነው። ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ለቅሶ አይቀርም፣ የእድር መዋጮ አያሳድርም፣ ሲያገኘኝ ቆም ብሎ ሰላም ሳይለኝ አያልፍም። ባለፈው ሳምንት ይዞት የመጣው መኪና ግን መሬቱ ላይ የተሰመሩትን ሁለት ነጭ መስመሮች ግራና ቀኝ ረግጦ ቆመ። (መኪናው ትንሽ ሲሆን ሁላችንም "እሷ" እንላለን፤ እንደዚህ ያለው ሲመጣ ማንም ሳያዝዘን "እሱ" ይሆናል። ሰዋስው የሚያስተምሩ ሰዎች አንድ ቀን ቢያጠኑት ደስ ይለኛል።) የኔዋ ቪትዝ ናት፣ ባለ አንድ ሊትር ሞተር። እሱ አጠገብ ስትቆም ከጭነቱ የወደቀች ዕቃ ትመስላለች።

"እንኳን ደስ ያለህ" አልኩት፤ ወግ ነውና። "ግን ምነው ይህን ያህል ትልቅ?"

"ጋሼ፣ የአገራችንን መንገድ እርስዎም ያውቁታል" አለኝ።

አውቀዋለሁ። እሱ የሚሄድበትንም መንገድ አውቀዋለሁ፤ ከሲኤምሲ እስከ መገናኛ ነው። ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። በዚህ መስመር ላይ ያለው ትልቁ ተራራ የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ነው። መንገድ ካነሳን ዘንዳ፣ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ አዲስ አበባ መኪና ይዞ ገብቷል። አፄ ምኒልክም ተቀምጠውባታል። ያቺ መኪና የምትነዳው በኋላ ጎማዎቿ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ አስፋልት የለም፣ ነዳጅ ማደያ የለም፣ ጎሚስታ የለም። ቤንትሊ በሁለት ጎማ በረሃ ተሻገረ፤ ጎረቤቴ በአራት ጎማ ካልሆነ መገናኛ አልደርስም ይላል።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ተረት አለ። ባለቤቴ በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳልናገረው ከልክላኛለች፤ የዚህን ሳምንት ድርሻዬን አሁን ልጠቀምበት። በቅሎን "አባትሽ ማን ነው?" ቢሏት "ፈረስ አጎቴ ነው" አለች። ሰዎች ይህን ሲሰሙ በበቅሎዋ ይስቃሉ፤ እኔ ግን አደንቃታለሁ። አንዲት ቃል አልዋሸችም እኮ! ፈረስ በእርግጥ የእናቷ ወንድም ነው። የተጠየቀችውን ብቻ ዘለለችው። እኔ ብሆን ደንግጬ "አህያ" ብዬ እገላገል ነበር።

ከተማችንን ያጥለቀለቁት ከፍ ከፍ ያሉ መኪኖችም አብዛኞቹ የእሷ ወገን ናቸው። ጎንበስ ብላችሁ ከሥር ብታዩ አባታቸው የታወቀ የቤት አውቶሞቢል ነው። ራቭ ፎርን ውሰዱ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ ሲያቀርባት የሠራት የኮሮላንና የካሪናን አካል አዋህዶ ነው። ስሟ ላይ ያለው አራት ቁጥር አራቱም ጎማዎቿ እንደሚነዱ ሊመሰክር የገባ ነው። በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዱትም ተሠርተዋል፤ አራቱን ቁጥር ግን አልመለሱም። ኮሮላን ብትጠቅሱባቸው ደግሞ መልሱ ይታወቃል፤ ላንድክሩዘር አጎቴ ነው።

የጎረቤቴ መኪና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል፣ እኔ የዋሁ፣ የከፍታው ዘመን አበቃ ብዬ ነበር። ቤንዚኑ ሲቀር ቁመቱ ሳይቀር መጣ። "አራቱም ጎማ ይነዳል?" ብዬ ጠየቅሁት። "ይመስለኛል" አለኝ። ይመስለኛል! ሰው ሚሊዮኖች ከፍሎ፣ ስለ መንገዱ ያን ሁሉ ነግሮኝ፣ ይመስለኛል። መመሪያው በቻይንኛ ስለሆነ እዚያው ቆሞ ለደላላው ደወለ። ደላላው "ኧረ የኋላዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው" ሲለው እኔም ሰማሁ፤ ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ነበር። ጎረቤቴ ስልኩን ኪሱ ከተተና መኪናውን ከታች እስከ ላይ አየው። "ግን ጋሼ፣ ቁመናው…" አለ።

አጎትየው ላንድክሩዘርም ቢሆን ታሪኩ ያስገርማል። ቶዮታ ይህን መኪና እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሠራ ስሙን ጂፕ ብሎት ነበር፤ በዚያው ዓመት ፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጥቶ ጉልበቱን አስመስክሯል። ጂፕ የሚለው ስም ባለቤት ስላለው በ1954 ሌላ ወጣለት። ያወጣለት ሃንጂ ኡሜሃራ የሚባል የኩባንያው የቴክኒክ ኃላፊ ነው፤ እንግሊዞች ላንድ ሮቨር የሚሉት መኪና አላቸውና ክብሩ ከዚያ የማያንስ ስም ፈልጌ ነው ብሏል። ላንድክሩዘር የሚለው ስም ራሱ፣ እንግዲህ፣ ከጎረቤት ላለማነስ የወጣ ነው። ጎረቤቴን ብቻ ምን ወቀስኩት?

እውነተኛውን ፈረስ ግን አላማም። ዳሎል የወረደ፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ ወላድ ያመላለሰ ሃርድቶፕ አይቻለሁ። ሹፌሩ ጭቃው ውስጥ ወርዶ የፊት ጎማዎቹን መሃል በእጁ ጠምዝዞ ይቆልፍና ተመልሶ ከባዱን ማርሽ ያስገባል። ያ ሰው ስለ መንገድ ቢነግረኝ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ደግሞም አይነግረኝም፤ እንደዚህ ያለ ሹፌር ብዙ አያወራም።

አዲስ አበባ ለላንድክሩዘር የራሷን ስም አውጥታለች፤ ቪ ኤይት። ስሙ የሞተሩ ነበር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጣው አዲሱ ላንድክሩዘር ሞተሩ ወደ ስድስት ሲሊንደር ወርዷል፤ ሰዉ ግን ዛሬም ቪ ኤይት ነው የሚለው። ቪ ኤይት ሞተር መሆኑ ቀርቶ ማዕረግ ከሆነ ቆይቷል፤ እንደ ደጃዝማች። "እገሌ ቪ ኤይት ተሰጠው" ሲባል ሹመቱ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ አለ? ሥራውን የሚጠይቅስ? ለመስክ ሥራ ተብሎ የተገዛው መኪና ሰኞ ጠዋት የት እንደሚገኝ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጥሩ ስም ያለው መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ይቁም።

ተመልሼ በቅሎ ላይ ወጣሁ፤ ይቅርታ። ግን እውነቱ እዚያው ነው። አያቶቻችን ዘንድ ፈረስ ለጦርነት ነበር፤ መኳንንቱ ለጉዞ የሚቀመጡት በበቅሎ ነው። ግራና ቀኝ አሽከር እየሮጠ፣ ጌታው ከላይ ቀስ እያለ። መንገድ ላይ ከእሱ የሚበልጥ ሲያጋጥመው ከበቅሎው ወርዶ እጅ ይነሳል። ዛሬ አሽከሩ ቀረ፣ በቅሎውም ቀረ፣ መውረዱ ግን አለ። አደባባይ ላይ ቅድሚያው የኔ ሆኖ ሳለ ያ ረጅም ነገር አፍንጫውን ብቅ ሲያደርግ እግሬ ሳላዝዘው ፍሬን ይረግጣል። ያው እጅ መንሳት ነው።

የሆቴል ጥበቃዎች ደግሞ ይህን ሥርዓት ከማንም በላይ ጠብቀውታል። ለቪትዝ ኮፈን ይከፈታል፣ የኋላው ይከፈታል፣ ባለ ዘንጉ መስታወት ከሥር ይገባል፤ የልጄ የስፖርት ቦርሳ ሳይቀር ተበርብሯል። ያለፈው እሑድ ጎረቤቴ በአዲሱ መኪና ወደ አንድ ምርቃት ይዞኝ ሲሄድ ግን ጥበቃው ገና ከሩቅ ብረቱን አንስቶ ቀጥ ብሎ ቆመና ሰላምታ ሰጠን። በትልቅ መኪና ክፉ ነገር አይጫንም የሚል መመሪያ ወጥቶ ይሆናል። እኔም ሳላስበው ከመስኮቱ እጄን በትንሹ አነሳሁለት። እንዴት እንደተነሳ እስከ አሁን አልገባኝም።

ቂሜ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የእህቴ ልጅ ስታገባ ነው። መኪናዬን ሌሊቱን አጥቤ፣ ነጭ ሪባን ገዝቼ ጠዋት በሰዓቱ ደረስኩ። በሩ ላይ አጀቡን የሚያስተባብር ልጅ ወረቀት ይዞ ቆሟል። ስሜን አልጠየቀኝም። ከሙሽራዪቱ ጋር ያለኝን ዝምድናም አልጠየቀኝም። ከእኔ አሻግሮ መኪናዋን አየና ወረቀቱን አየ። "ጋሼ፣ እርስዎ ድንኳኑ ዘንድ ቢቆዩልን ትልቅ እገዛ ነው" አለኝ። አጎቷ ነኝ አልኩት። "በጣም ጥሩ፣ እንግዲያው ድፎ ዳቦውን ለእርስዎ እንስጥ" አለ።

ድፎ ዳቦ ጫንኩ። አራት ድፎ፣ በኮባ ቅጠል የተጋገረ፣ የኋላው ወንበር ላይ እንደ ተሳፋሪ ተደርድሮ። መኪናዬ ወር ሙሉ ጥቁር አዝሙድ ሸተተች። ከፊት የተሰለፉት ስድስት ረጃጅም መኪኖች ግማሾቹ ለዕለቱ የተከራዩ መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ፤ ከሹፌሮቹ አንዱ የሙሽራዪቱን ስም የጠየቀው እኔን ነው። የሰርጉ ቪዲዮ እህቴ ቤት አለ። በበዓል በበዓሉ ይከፈታል። መኪኖቹ አደባባዩን ሲዞሩ ሃያ ደቂቃ ይታያሉ፤ የኔዋ የኋላ መብራት በአንድ ጥግ ብልጭ ሲል ካሜራው አቧራ አይቶ እንደሚሸሽ ሰው ይዞራል። በየበዓሉ አያታለሁ። በቅሎዋስ ብትሆን አጎቷ ፈረስ ስለሆነ ነው የጠራችው።

እስከዚህ ድረስ ስቄ ልተወው እችላለሁ። የማልስቅበት አለ። ባለፈው ክረምት፣ እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ አንዲት እናት የመንገዱን ዳር ይዘው ይሄዳሉ። ነጠላቸው ገና ታጥቦ የወጣ ነው፤ እጥፋቱ ይታያል። አንድ ጥቁር ረጅም መኪና ኩሬውን ፍጥነቱን ሳይቀንስ አለፈበትና ጭቃውን ከጫማቸው እስከ አንገታቸው ለበጣቸው። መስኮቱ ዝግ ነው። ሹፌሩ የተሳደበ ወይም የሳቀ ቢሆን ደግ ነበር፤ እሱ ግን አላየም። ከዚያ ከፍታ ላይ ሩቁ እንጂ ቅርቡ አይታይም። እሳቸው ነጠላውን አውልቀው በእጃቸው እያራገፉ "ይሁን እግዚአብሔር ያውቃል" አሉ። እግዚአብሔርማ ያውቃል፣ ሹፌሩ ነው እንጂ የማያውቀው! በዚህ ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ ሰዉ ደግሞ ትልቅ መኪና የገዛሁት "ለልጆቼ ደኅንነት ነው" ይለኛል። ለየትኞቹ ልጆች? ውስጥ ለተቀመጡት ነው። ውጭ ያለው ልጅ ቁመቱ ኮፈኑ ድረስ አይደርስም። ፍሬን እንደሆነ ቪትዝም በአራቱም ጎማዎቿ አለላት፤ ለፍሬን ተጨማሪ ቁመት አይጠየቅም።

ስለ መኪናዬ በር ነበር የጀመርኩት።

ማታ ከሥራ ስመለስ እሱ እንደተለመደው መስመሮቹን ረግጦ ቆሞ አገኘሁት። ለጎረቤቴ ደውዬ "ትንሽ ጠጋ አድርግልኝ" ልለው ስልኬን አወጣሁ፤ ከዚያ ያ "ጋሼ" የሚለው ድምፁ ትዝ ሲለኝ መልሼ ከተትኩት። ይልቅ መኪናዬን አዞርኩና በኋላ ማርሽ አስገባኋት። ሦስት ጊዜ ፈጀብኝ፤ ጥበቃው ወጥቶ በእጁ እየጠራ አገዘኝ፣ ንግግራችንም በዚያው ታደሰ። አሁን የኔ በር በግንቡ በኩል ሆኗል። ክፍተቱ እንደሆነ ለምጄዋለሁ፤ ማርሽና የእጅ ፍሬን መሻገር ግን ቀረልኝ። በመኪናው በኩል የሆነው የባለቤቴ በር ነው። ነገ ጠዋት ክርስትና ስላለብን አብረን ነው የምንወጣው፤ የሐበሻ ቀሚሷን ተኩሳ ሰቅላዋለች። ገና አልነገርኳትም።