ገጠር ግቡ ከማለታችን በፊት

"ከተማው ሞልቷል፤ ሰው ወደ ገጠር ይግባ" የሚለውን ሐሳብ እደግፈዋለሁ። ደመወዙን የቤት ኪራይ የሚበላበት፣ ዕድሜው ትራንስፖርት ሲጠብቅ የሚያልቅ ሰው ገጠር ቢገባ ብዙ ነገር ይቀለዋል። ግን ሰውን ማባበል አንድ ነገር ነው። ሄዶ እንዲቆይ ማድረግ ሌላ ነው።

ገንዘብ ሰጥተው የሞከሩ አሉ። አልቢነን 240 ያህል ሰው የቀረባት የስዊዘርላንድ ተራራማ መንደር ናት። ነዋሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ድምፅ ሰጥተው፣ ለሚመጣ አዋቂ 25,000 ፍራንክ፣ ለልጅ 10,000 ፍራንክ እንዲከፈል ወሰኑ። ከ45 ዓመት በታች መሆን ግዴታ ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላ የሄደ ገንዘቡን ይመልሳል። እዚህ ውሳኔ ላይ ያደረሳቸው ወጣቱ ሄዶ ማለቁ ነው። ተማሪ ጠፍቶ ትምህርት ቤታቸው ሳይቀር ተዘግቷል። ታዲያ ልጅ ያለው ሰው ትምህርት ቤት ወደሌለበት እንዴት ይምጣ?

ጃፓንም ከ2019 ጀምሮ ቶኪዮን ለቆ ለሚወጣ ቤተሰብ እስከ 1 ሚሊዮን የን ትሰጣለች። በ2023 በየልጁ የሚጨመረውን ከ300,000 ወደ 1 ሚሊዮን የን አሳደገችው። ያም ሆኖ ወደ ቶኪዮ የሚገባው ከሚወጣው እንደበለጠ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ገጠር ገብቶ ነበር። ግቢው ሰፊ፣ አየሩ ንጹህ፣ ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር። በስምንተኛው ወር ትንሿ ልጅ ሌሊት ትኩሳት ያዛት። ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ብቻ ነው። እሱ እዚያ ቆሞ በስልክ መኪና ሲለምን፣ እሷ ልጅቷን በእርጥብ ጨርቅ ስታብስ ነጋ። ልጅቷ ዳነች። እነሱ ግን ወር ሳይሞላቸው ዕቃቸውን ጭነው ተመለሱ።

ለዚህ ቤተሰብ የመዛወሪያ ገንዘብ ምን ይፈይድለት ነበር? ያ ገንዘብ ነርስ ቢቀጠርበት፣ የኔትወርክ ማማ ቢተከልበት ዛሬም እዚያው ነበሩ።

ሌላም ነገር አለ። ስለ ባልየው ሥራ ሁሉም ይጠይቃል። ሚስትየዋ ምን ትሠራለች? ማንን ታውቃለች? ብቸኝነት ሰውን ከድህነት ባልተናነሰ ያባርራል። ጃፓን በ2009 የጀመረችው ሌላ ፕሮግራም ይሄ የገባው ይመስለኛል። ከከተማ የመጣው ሰው እስከ ሦስት ዓመት እየተከፈለው ለአካባቢው ይሠራል። ከሀገሬው ጋር የሚተዋወቀው በሥራ ነው። ጊዜያቸውን ከጨረሱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያው አካባቢ ቀርተዋል።

በግድ ማድረግማ አይታሰብም። ካምቦዲያ ውስጥ በ1975 ዋና ከተማዋን ፕኖም ፔንን በጠመንጃ ባዶ አድርገው ሕዝቡን ወደ ገጠር የነዱት ክመር ሩዦች ምን ዓይነት እልቂት እንዳስከተሉ ዓለም አይቷል።

እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማዘጋጀው ለሁለት ወር ተከራይተው የሚሞክሩበት ቤት ነው። ያውም በክረምት። መንገዱ ሲጨቀይ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ጎረቤት በር ሲያንኳኳና ሳያንኳኳ ይዩት። ከዚያ ባልና ሚስት ተመካክረው ይወስኑ።