ኧረ ዋት መቁጠር ይብቃን!

እባካችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ልትገዙ ስትወጡ «ስንት ዋት ነው?» እያላችሁ አትጀምሩ። ምእመናን ከጉሮሯቸው ነጥቀው በሰጡት ገንዘብ ተገዝቶ ወንጌሉ ሲነበብ ጩኸት እንጂ ቃል አለመሰማቱ ያንገበግባል!

ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሮ ብዙም አይለየውም። ማይኩን ከአንባቢው አፍ ከ40 ሳንቲ ሜትር ወደ 20 ማቅረብ ግን ያለ ምንም ወጪ 6 ዴሲቤል ይሰጣል።

ጣጣው ያለው ሕንፃው ላይ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ኮንክሪት፣ ከላይ ጉልላት። ድምፁ እየተላተመ ይመላለስና ያለፈው ቃል የሚቀጥለውን ይውጠዋል። ድምፅ በጨመራችሁ ቁጥር ማስተጋባቱም አብሮ ይጨምራል። ታዲያ ሁለት ግዙፍ ሞንታርቦ ፊት ለፊት ገትሮ መልቀቅ ምን ይሉታል? ፊት የቆሙት እናቶች ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ ኋላ ያለው ምንም አይለይም።

ትናንሽና ቁመታም ስፒከሮች በየዓምዱ ይሰቀሉ፤ ከሰው ራስ ከፍ ብለው ወደ ሕዝቡ ያዘንብሉ፣ ጉልላቱን አይዩ። ከፊተኛው 17 ሜትር የሚርቀው ስፒከር 50 ሚሊ ሰከንድ ያህል በዲሌይ (ድምፅ በሚያዘገይ መሣሪያ) ይዘግይ፤ አለዚያ ኋላ የቆመው ሰው አንዱን ቃል ሁለቴ ይሰማል።

ደግሞ ገመዱ! ባለ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ስፒከር አራቱን በትይዩ ብታስሩ መቋቋሙ ወርዶ 2 ኦም ይሆናል፤ ብዙው አምፕሊፋየር ይህን አይችልም፣ ይቃጠላል። ከዚያ «ፎርጅድ ሸጠውልን ነው» ይባላል። ለውጭ ሆርኖች (መለከት መሰል ስፒከሮች)፣ ገመዱ ረጅም ስለሆነ፣ ድምፁን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚልክ ባለ 100 ቮልት መስመር ይሻላል፤ የሆርኖቹ ዋት ድምር ከአምፕሊፋየሩ ዋት 80 በመቶ አይለፍ። የውጩ ድምፅ መቆጣጠሪያም ከውስጡ ይለይ። ለደጁ ተብሎ ሲጨመር ውስጥ ያለው ለምን ይሠቃያል?

ፉጨቱንም «ማይኩ ተበላሽቶ ነው» አትበሉ። አራት ማይክ በአንድ ጊዜ ክፍት ሲሆን አንዱ ብቻ ክፍት ከሆነበት ይልቅ ድምፁ ገና 6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ሳለ ማፏጨት ይጀምራል። የማይነገርበት ይዘጋ። በሰባኪው ማይክ ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ይቆረጥ፤ ከበሮው እንደሆነ ያለ ማይክም ይሰማል።

ገንዘቡን ሳትከፍሉ ነጋዴው ዕቃውን አምጥቶ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያሰማ። አንድ ሰው ያልተለመደ ምዕራፍ ያንብብ፣ ሌላው በሩ አጠገብ ቆሞ የሰማውን ይጻፍ። ቃሉን አሟልቶ መጻፍ ካልቻለ ዕቃውን መልሳችሁ አስጭኑት።