ለልጆች የሳንባ ምች ፈጣን ኪት ብቻውን አይበቃም

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከመንዝ እስከ አንኮበር፣ ልጅ ሲያስል «ብርድ መትቶት ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜም በራሱ ይለቀዋል። ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ ደረቅ ሳል ይዞት ቀናት ሲቆጠሩ ግን ማይኮፕላዝማን መጠርጠር ይገባል። በዚህ ዕድሜ የሳንባ ምች ከሚያመጡት ዋና ዋና ባክቴሪያዎች አንዱ ነው።

ማይኮፕላዝማ የሴል ግድግዳ የለውም። አሞክሲሲሊንና ሴፍትሪያክሶን የተባሉት አንቲባዮቲኮች የሚሠሩት ደግሞ በዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ ልጁ ሽሮፑን ጨርሶ፣ መርፌውንም ተወግቶ ሳሉ አልለቅ ሊለው ይችላል። ባክቴሪያን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ በሚያሳየው በግራም ስቴይንም አይታይም። ካልቸሩም፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ ማራባቱ፣ ሳምንታት ይፈጃል።

«ፈጣን የደም ኪት ይገዛልን» ሲባል እሰማለሁ። ኪቱ የሚፈልገው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚሠራውን አይጂኤም የተባለ አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ብዙውን ጊዜ የሚታየው ሕመሙ ሳምንት ገደማ ሲሞላው ነው። በሦስተኛው ቀን የመጣ ልጅ ታሞም «ኔጌቲቭ» ሊባል ይችላል። አንዴ ከወጣ ደግሞ ለወራት ስለሚቆይ፣ ያለፈው ሕመም ዛሬ «ፖዘቲቭ» ያሰኛል። አስተማማኙ መንገድ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት አራርቆ ሁለቴ ደም መውሰድና አንቲቦዲው አራት እጥፍ መጨመሩን ማየት ነው። ከመርሐቤቴ ደብረ ብርሃን ድረስ ለሁለተኛው ደም ማን ይመለሳል? ውጤቱ ሲደርስስ ሕክምናው አልፏል።

ቪዳል በተባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ያየነው ይበቃናል። በአንድ ጊዜ ደም ብቻ ስንቱ ሰው «ታይፎይድ ነው» ተብሎ መድኃኒት ዋጠ!

የኔ ምርጫ ፒሲአር ነው። ከጉሮሮ በተወሰደ ናሙና የባክቴሪያውን ዘረመል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያገኘዋል። ጤነኛ ልጅም ባክቴሪያውን ተሸክሞ ሊገኝ ስለሚችል፣ ምልክት የሌለውን መመርመር ትርፉ ግራ መጋባት ነው። በኮቪድ ጊዜ ማሽኖቹ ወደ ክልሎች ገብተዋል፣ ባለሙያም ሠልጥኗል። ለልጆች ሳንባ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) መመደብ ቅንጦት አይደለም።

ዛሬውኑ ያለ ገንዘብ የሚስተካከልም አለ። ላብራቶሪ የሚደርሰን መጠየቂያ ወረቀት ብዙ ጊዜ ስም፣ ዕድሜና «የሳንባ ምች?» ብቻ ነው ያለበት። ሳሉ የጀመረበት ቀን ይጻፍበት። ያ ቀን ከሌለ የአይጂኤም ውጤት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

እስከዚያው አሞክሲሲሊን ጀምሮ በሁለት ሦስት ቀን ያልተሻለው ተማሪ ልጅ እንደገና ይታይ፤ ሐኪሙም በሴል ግድግዳ ላይ የማይሠራውን አዚትሮማይሲንን ያስብ። ትንፋሹ ከፈጠነ ቀን አይቆጠርም፣ ወዲያው ይምጣ። ወላጆች ግን አዚትሮማይሲንን ከፋርማሲ በራሳችሁ እንዳትገዙ አደራ። ባክቴሪያው ይህንንም መድኃኒት እንደሚለምደው በቻይናና በጃፓን በስፋት ታይቷል።